ፎቶ ማንሳት፦ እንጀራ ላድርገው ወይስ ለእሁድ ልተወው?

የሚወዱትን ነገር መተዳደሪያ ማድረግ ይሻላል ወይስ ደመወዝ ባለበት ተቀጥሮ የሚወዱትን ለትርፍ ሰዓት ማቆየት? እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። የኔ ነገር ፎቶ ነው።

ሁለት ዓመት ሰርግ አነሳሁ። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሁድ የሚባል የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት፣ ማታ አዳራሽ፣ በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና ስልኩ ጭጭ። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ደስታ የለውም ወይ? አለው እንጂ። አንዲት አያት ሙሽሮቹን ሲመርቁ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አንስቼ ነበር፤ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ግን ካሜራውን ለራሴ ብዬ የያዝኩት መቼ ነበር? ትዝ አላለኝም።

አሁን የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ይደብራል፣ አልዋሽም። ደመወዙ ግን ወር ጠብቆ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት በኋላ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ፎቶ አንሺ እያለሁ ፈቃድ የሚሰጠኝ ጾሙ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አንድ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት። ያነሳሁት ሦስት ፎቶ ብቻ ነው። «ፊቴን አቅላልኝ» የሚለኝ የለም።

ለኔ ቢሮው ይሻላል። እናቱ ቤት የሚበላ ልጅ ቢጠይቀኝ ግን ሰርጉን ሞክር እለዋለሁ፤ ካሜራውን በብድር እንዳይገዛ ብቻ።