በቅናሽ የገዛሁት የትሬል ጫማ፦ ከስምንት ወርና ከ640 ኪሎ ሜትር በኋላ

ትሬል የሚባለው፣ ለጫካና ለተራራ መንገድ ሩጫ የሚሠራው ጫማዬ አሁን በሩ ሥር ተቀምጧል። የቀኙ ጎን በመርፌ ተሰፍቷል። ከጣቶቹ ሥር ያሉት የሶሉ ጥርሶች ግማሻቸው አልቋል። ተረከዙ ላይ ያሉት ግን እስካሁን ጭቃ ቆንጥጠው ይይዛሉ። ስምንት ወር ሮጬበታለሁ። የእጅ ሰዓቴ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ቆጥሯል። አብዛኛው የጫካ መንገድ ነው፤ ጠጠር፣ የዛፍ ሥር፣ ዳገትና ቁልቁለት።

ስገዛው እጄ ላይ የነበረው ገንዘብ ትንሽ ነበር። ከተሳሳትኩ ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። እንደኔ ተጨንቆ ለሚመርጥ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው ያየሁትን የምጽፈው። የጫማውን ስም አልጠራም። ሞዴል ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር በስሙ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ምን ዓይነት እንደሆነ ካወቃችሁ ግን መሰሉን ከየትም ታገኛላችሁ።

ዓይነቱ እንዲህ ነው። የአንዱ እግር ክብደት 290 ግራም ገደማ፣ የሶሉ ጥርስ 4 ሚሊ ሜትር፣ ተረከዙ ከጣቶቹ በ8 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ። ውኃ የማያስገባ ሽፋን የለውም። ለፍጥነት ተብሎ ሶል ውስጥ የሚገባው ጠንካራ የካርቦን ሳህንም የለውም። ሞዴሉ ደግሞ ያለፈው ዓመት ነው።

ዋጋውን የቀነሰልኝ ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ከመደርደሪያው መነሳት አለበት። ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ አገላብጬ አየኋቸው። ሶላቸው አንድ ነው። የተለወጠው ቀለሙና የላይኛው ጨርቅ ብቻ ነበር። እንዲህ ሲሆን አሮጌውን መውሰድ ምንም አያስቆጭም። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ማስቲሹ ይደክማል፣ እግርን ከታች የሚያለሰልሰው ስፖንጅም ይደርቃል። አንዳንድ ጫማ ምላሱ ውስጥ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበት ጊዜ ይጻፋል። እሷን ፈልጉ።

ልክ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ ደግ አደረግሁ እላለሁ። ለአስፋልት ሩጫ 42 ነው የማደርገው። ለዚህኛው 42 ተኩል ወሰድኩ። የለካሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ሲሄድ ውሎ ያብጣል፣ ረጅም ሩጫ ላይም እንደዚያው ነው። የምሮጥበትን ካልሲ ይዤ ሄጄ ነበር። ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖሩን አየሁ። ከዚያ ደረጃ ፈልጌ ደጋግሜ ወረድኩ። ቁልቁል ሲወረድ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ሜዳ ላይ የተመቸ ጫማ እዚያ ጣት ሊመታ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጌም በመጀመሪያው ወር የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። አንድ ቀን 7 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ ወርጄ ነበር። ጫማው ጠበበኝ ብዬ በጣም አዘንኩ። ችግሩ ግን የክሩ አስተሳሰር ነበር። ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ከመጨረሻው ቀዳዳ ጎን፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ክሩን በእሷ አስገብታችሁ በየጎኑ ትንሽ ቀለበት ትሠራላችሁ። የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፋችሁ ትስባላችሁ። ያኔ ተረከዝ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ጣቶችም ከፊት ጋር አይጋጩም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጥፍር አልጠቆረብኝም። ጫማ ጠበበኝ ብላችሁ ከመሸጣችሁ ወይም ከመለወጣችሁ በፊት ይህቺን ሞክሯት።

ወደ ሶሉ ልምጣ። 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ መሀል ላይ ያለ ነው። ለደረቅና ለጠጠር መንገድ 3 ይበቃል። ውኃ ለጠጣ ጥልቅ ጭቃ 6ም አይበዛም። የጥርሶቹ መራራቅም አብሮ መታየት አለበት። ከተጠጋጉ ጭቃው መሀላቸው ይጠቀጠቅና እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የኔው ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው። ሁለት ሦስት እርምጃ ስሄድ ጭቃው ራሱ ይረግፋል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ያለው እርጥብ ድንጋይ ላይ ነው፤ እሱም ትልቅ ነው። ጭቃ ላይ የሚይዘው ጥርስ ነው። ለስላሳ እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ጥርስ ምንም አይፈይድም፤ እዚያ የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው። ጎማው ለስለስ ያለ ከሆነ ድንጋዩን ያቅፋል፣ ደረቅ ከሆነ ይንሸራተታል። ይህ የሶል ጉዳይ ሕይወት ያስከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ውስጥ ፑንታ ራሲካ በተባለ ተራራ ስድስት ተራራ የሚወጡ ሰዎች ሞቱ። ከጉዞው መሪዎች አንዱ የነበረው ቪታሌ ብራማኒ አንዱ ምክንያት ጫማቸው እንደሆነ አመነ። ከዚያ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል መሥራት ጀመረ፤ ቪብራም የሚባለው ስም የመጣው ከእሱ ስም ነው። የኔ ጫማ ጎማ ደረቅ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ወንዝ ስሻገር ድንጋይ ላይ ተንሸራትቼ በክርኔ ወደቅሁ። አሁን እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ ሩጫዬን አቁሜ በእርምጃ ነው የማልፈው።

ደረቅ ጎማ ግን ዕድሜ ይሰጣል። ከቤት ተነስቼ ጫካው እስክደርስ 2 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለብኝ። ለስላሳ ጎማ ቢሆን አስፋልቱ ቶሎ ይበላው ነበር። በጀቱ አንድ ጫማ ብቻ ለሚያስገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዳችሁ ደረቅ ከሆነና አስፋልት ከነካካ ደረቁ ጎማ ይሻላችኋል። ውኃና ድንጋይ ከበዛበት ዕድሜው ቢያጥርም ለስላሳውን ውሰዱ።

ውኃ የማያስገባውን ባለመግዛቴ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ዋጋው ይበልጣል። ውኃ ደግሞ በብዛት የሚገባው በላይ በኩል፣ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ነው። አንዴ ከገባ ያው ሽፋን እንዳይወጣ ይይዘዋል። የኔ ወንፊት መሳይ ጨርቅ ነው። ወንዝ ከተሻገርኩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ስሮጥ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል። ቤት ስገባ የጫማውን የውስጥ ምንጣፍ አወጣና ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ። በማግስቱ ደርቆ ይጠብቀኛል። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። አፍንጫው ላይ ያለው የጎማ መከላከያ ከጫፉ ተላቀቀ። ሙቀት ማስቲሽን ይፈታል። መልሼ አጣበቅሁት፤ እስካሁን ይዟል።

አምስተኛው ወር ላይ የቀኙ ጫማ ትንሿ ጣት አጠገብ፣ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ተቀደደ። የዚህ ዓይነት ጨርቅ ብዙ ጊዜ የሚበሳው እዚያው ላይ ነው። መጀመሪያ አንዲት ክር ብቻ ነበረች የተበጠሰችው። ወዲያው በናይለን ክር ሰፋሁት፤ ከላዩም ስስ ማስቲሽ ቀባሁ። ከዚያ በኋላ 200 ኪሎ ሜትር ሮጬበታለሁ። ቀዳዳው ትንሽ እያለ ያዙት። አሸዋ መግባት ከጀመረ በኋላ ጨርቁን አሸዋው ራሱ ይጨርሰዋል።

ስፖንጁ እስከ 450 ኪሎ ሜትር ድረስ ጥሩ ነበር። ከ500 በኋላ ከውስጥ እግሬ ሥር ሹል ጠጠር ይሰማኝ ጀመር። ከድንጋይ የሚከላከል ሳህን ስለሌለው ስፖንጁ ሲሳሳ ሌላ የሚመክት ነገር የለም። የሩጫ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። የኔው መካከል ላይ ነው፤ ለከፈልኩት ዋጋ አልከፋኝም። የተረከዙ ከፍታም በፊት ከለመድኩት ብዙ ስላልራቀ ባቴን አላመመኝም። ከፍ ያለ ተረከዝ የለመደ ሰው በአንዴ ወደ ዜሮ ቢወርድ ባቱና የተረከዙ ጅማት ላይ ጫና ይበዛበታል፤ ቅናሽ ስላገኛችሁ ብቻ እንዳትዘሉ።

ይህን ጫማ አሁን በደረቅ ቀን ለአጭር ሩጫ ብቻ ነው የማደርገው። ለዝናቡ ወራት ሌላ እየፈለግሁ ነው። ልኩ 42 ተኩል፣ የከፍታ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ጨርቁ ወንፊት፣ ሞዴሉም ያለፈው ዓመት ይሆናል። እነዚህን አልለውጥም። የምለውጠው ጎማውን ነው። ባለፈው ሱቅ ገብቼ የሦስት ጫማ ሶል በጥፍሬ ተጫንኩ። ሁለቱ እንደኔው ጫማ ጥፍር አልቀበል አሉ። ሦስተኛው ትንሽ ሰመጠልኝ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ካልሲዬን ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ደረጃውን ልወርድበት።