ማዘመን ወይስ ሎግ ማጥፋት? የፓሎ አልቶ ፋየርዎል የዲኤንኤስ ክፍተት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2024-3393 የተባለው የፓሎ አልቶ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ መሣሪያ) የደህንነት ክፍተት ከአጥቂው የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ሆን ተብሎ የተበላሸ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚቀይር ሥርዓት) ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) በፋየርዎሉ ሲያልፍ መሣሪያው ራሱን ዳግም ያስነሳል። ከተደጋገመ ሜንቴናንስ ሞድ (ሥራ አቁሞ ጥገና የሚጠብቅበት ሁኔታ) ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ሰው ካልደረሰለት ኔትወርኩ እንደተቋረጠ ይቀራል። የሚጠቃው የዲኤንኤስ ሴኪዩሪቲ (አደገኛ የድረ ገጽ ስሞችን የሚያግደው አገልግሎት) ሎግ፣ ማለትም መዝገብ፣ የበራበት ነው።

ማዘመን ክፍተቱን ከሥሩ ይዘጋል፦ የፋየርዎሉን ሶፍትዌር ፓን-ኦኤስን ወደ 10.1.14-ኤች8፣ 10.2.10-ኤች12፣ 11.1.5 ወይም 11.2.3፣ እንደ ስሪት መስመሩ። ዳግም ማስነሳት ግድ ስለሆነ፣ ጥንድ ፋየርዎል ያለው ተጠባባቂውን አስቀድሞ ያዘምን፣ ሥራውን ወደ እሱ ያዙር፣ ከዚያ ሌላውን ይቀጥል። በ11.0 ስሪት ላይ ያለ ሰው መጠገኛ አይጠብቅ፤ የድጋፍ ጊዜው አልቋል።

ሎግ ማጥፋት ፈጣን ነው፣ ማስነሳትም የለውም። በአንቲ-ስፓይዌር ፕሮፋይል (የስለላ ሶፍትዌር መከላከያ ደንቦች ስብስብ)፣ ዲኤንኤስ ፖሊሲስ ሥር፣ የእያንዳንዱን ምድብ ሎግ ሲቨሪቲ (የምዝገባ ደረጃ) ‹ኖን› (ምንም) አድርጎ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ማጽደቅ) ነው። ስህተቱ የሚመጣው አንድ ፕሮፋይል ወይም አንድ ምድብ ሲረሳ ነው፤ አንዷ ከቀረች በሩ ክፍት ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፦ አደገኛው ዶሜይን መታገዱ ይቀጥላል፣ የትኛው ኮምፒውተር እንደጠየቀው ግን አይመዘገብም። በቫይረስ የተያዘውን ማሽን የምናገኘው ደግሞ በዚያው ሎግ ነበር።

ዛሬ ማታ ማዘመን የሚችል ሎጉን አይንካ። የማይችል አሁኑኑ ያጥፋው፣ ካዘመነ በኋላ ግን ሲቨሪቲውን ወደ ነበረበት ይመልስ።