ነጭ ጥለት፣ ጠይም ፊት፦ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 በሠርግ ሥራ ላይ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሠርግና የአደባባይ በዓል እያነሳ የሚተዳደር ሰው ካሜራውን የሚፈትንበት አንድ በጣም የተለመደ ትዕይንት አለ። የሙሽራይቱ እናት ነጭ የሀገር ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው በረፋድ ፀሐይ ከደጅ ይቆማሉ፤ ልብሱ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል፣ ጠይም ፊታቸው ግን በነጠላው ጥላ ሥር ነው። ፎቶ አንሺው ጥለቱን ላድን ካለ ፊቱ ይጠቁርበታል፣ ፊቱን ላብራ ካለ ደግሞ ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆንበታል። ካኖን 5ዲ ማርክ 4ን ለሦስት ዓመታት ያህል እንጀራ ስበላበት ቆይቻለሁ፤ ይህን ግምገማ ስጽፍም ከሁሉ በፊት የማየው እኚህን እናት በአግባቡ ማንሳት መቻል አለመቻሉን ነው።

ካሜራው ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን የመነሻ ዋጋው ለቦዲው ብቻ (ያለ ሌንስ) 3,499 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ የተሠራ፣ 30.4 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ይዟል፤ በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳል፤ ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 890 ግራም ይመዝናል። ፎቶው 6,720 በ4,480 ፒክስል ስለሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 57 በ38 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ለማንኛውም የሠርግ አልበም ከበቂ በላይ ነው፤ ሳሎን ለሚሰቀለው ትልቁ ፎቶም ቢሆን እንግዳው አፍንጫውን ካላስጠጋ በቀር እንከን አይወጣለትም።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። የካሜራ መለኪያ በመሠረቱ ፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚነሳ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። ጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ሁሉን ነገር ለካሜራው የተወ ሰው ነጩን ልብስ አመድማ፣ ፊቱን ደግሞ ከሰል አስመስሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩ ደመና ሲሆን ወይም ሰዎቹ ጥላ ውስጥ ሲቆሙ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን) ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው። ፀሐይ ሲሆን ግን እንዲህ ማድረግ ጥለቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በስክሪኑ ላይ እያርገበገበ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ከፍቼ፣ ነጠላው ላይ መርገብገቡ እስኪያቆም ድረስ ብርሃኑን እቀንሳለሁ፤ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ጨልሞ ቢታየኝም አልደነግጥም፤ በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ ስላነሳሁት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ከፍ አደርገዋለሁ።

ማርክ 4 ከቀዳሚው የተለየብኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣውና 22.3 ሚሊዮን ፒክስል ባለው ማርክ 3 ጥላውን ከሁለት ስቶፕ በላይ ከፍ ሳደርግ፣ ጉንጭ ላይ የወይን ጠጅ ጥላ ያለው ነጠብጣብ፣ ጥቁር ሱፍ ላይ ደግሞ መስመር መስመር ነገር ይወጣብኝ ነበር። ማርክ 4 ከሴንሰሩ የሚመጣውን ሲግናል ወደ ዲጂታል የሚቀይረውን ክፍል እዚያው ሴንሰሩ ላይ ስላደረገው፣ ጥላው ሲነሳ ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የእናትየው ፊት ጠይምነቱን፣ ነጠላውም ፈትሉን ሳይለቅ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይቀመጣል። ለእኔ የሁለቱን ካሜራዎች የዋጋ ልዩነት ያስከፈለኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉዳዩ ይገለበጣል። የተክሊል ሥርዓት ሲፈጸም ሙሽሮቹ በወርቅ ቀለም የተጠለፈ ካባ ደርበው፣ አክሊል ደፍተው ይቆማሉ፤ ብርሃኑ የጧፍ፣ የቢጫ አምፖልና ከመስኮት የሚገባ ጥቂት ሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ ነው። ፍላሽ መጠቀም ካህናቱን ያስቆጣል፤ ባያስቆጣም እንኳ ወርቁ ላይ አርፎ ፎቶውን ያበላሻል። ስለዚህ በኤፍ 2.8 የሌንስ ክፍተት (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል)፣ በ1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ3200 እስከ 6400 አድርጌ እሠራለሁ። በ6400 ምስሉ ላይ ጥራጥሬ መሰል ነጠብጣብ ቢታይም የአልበም መጠን ላይ አያስከፋም። ዝምተኛ የተባለው የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ዘዴ በካሜራው ውስጥ ያለውን የመስታወት ምት በጣም ስለሚያለዝበው፣ በማርክ 3 ዘመን ድምፁን በሰሙ ቁጥር ዞር ብለው ያዩኝ የነበሩ አንድ ዲያቆን አሁን መኖሬንም የሚያስታውሱ አይመስለኝም፤ ፍጥነቱ ግን ወደ 3 ፎቶ በሰከንድ ይወርዳል።

የፎከሱ ሥርዓት 61 ነጥቦች አሉት፤ ከእነሱም 41ዱ አግድምም ቁልቁልም የሚያነቡ ናቸው፤ መካከለኛው ነጥብ በጧፍ ብርሃን እንኳ ዓይን ላይ ይይዛል። ቅሬታዬ ነጥቦቹ በፍሬሙ መካከል መታጨቃቸው ነው። ሙሽራይቱን ወደ ጠርዝ አድርጌ ላነሳት ስፈልግ በመካከሉ ነጥብ ዓይኗ ላይ ፎከስ ይዤ ካሜራውን ማዞር ይኖርብኛል፤ እንደ ኤፍ 1.8 ባለ ሰፊ ክፍተት ደግሞ ይህች ትንሽ ዙር ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ለመውሰድ ትበቃለች። ይህን ለመሸሽ ክፍተቱን ወደ ኤፍ 2.8 አጠብባለሁ፣ ሦስት ጊዜም ደጋግሜ አነሳለሁ።

አዳራሽ ስንገባ ሌላ ጠላት ይመጣል፤ እሱም መብራቱ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ መብራቶች ዓይናችን ባይለየውም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሹተሩ ሲፈጥን በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ጨለም ያለ ሆኖ ይወጣል። በሜኑው ውስጥ ያለው አንቲ ፍሊከር ሲከፈት ካሜራው ብርሃኑ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል፤ የኬክ ቆረጣውን ፎቶ አንድ በአንድ ቀለም ከማስተካከል ያዳነኝ ይህ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ካሜራው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ሜኑውን ከፍቶ ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ ወደሚስማማው) ይቀይረው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም እና በ1/50 ሹተር ካልቀረጸ የአዳራሹ መብራት በምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ ይነዳበታል።

ቪዲዮን ካነሳን ዘንድ፣ ይህን ካሜራ ለፎርኬ (4K) ቪዲዮ ብሎ የሚገዛ ሰው ይቆጨዋል። ፎርኬው የሚቀረጸው ከሴንሰሩ መካከለኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ የ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 40 ያህል ጠብቦ ይታያል፤ ፋይሉም በሰከንድ 500 ሜጋቢት ስለሚፈጅ የ64 ጊጋባይት ካርድ በ17 ደቂቃ ገደማ ይሞላል፤ የሽማግሌዎች ምርቃት ብቻውን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። በፉል ኤችዲ ግን ፎከሱ ፊትን እየተከተለ በለስላሳ ስለሚሄድ ለአጭር ቅንብር ይሆናል።

ካርድ የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት፤ አንዱ ኮምፓክት ፍላሽ፣ ሌላው ኤስዲ ነው። በአንድ ካርድ ብቻ እሠራ በነበረበት ጊዜ የአንድ መልስ ፕሮግራም ግማሹ ከነካርዱ ጠፍቶብኝ ለቤተሰቡ ገንዘባቸውን መልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ካርዶች ላይ ሳይጻፍ ጣቴን ቁልፉ ላይ አላሳርፍም። ችግሩ የኤስዲው መግቢያ የዘገምተኛው ትውልድ መሆኑ ነው፤ ሮው ፋይሉን ሁለቱም ላይ ሲጽፍ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፣ ጭፈራው ሲሞቅም ካሜራው «ቆይ» ይላል። ሮውን ኮምፓክት ፍላሹ ላይ፣ ጄፔጉን ኤስዲው ላይ ማድረግ መጠባበቂያውንም ፍጥነቱንም ያስታርቃል።

ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ግን ከቦዲው በፊት ስለ ሌንስ ያስብ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በአንድ ዓይነት መግጠሚያ ስለተሠሩ ያገለገለ ሌንስ እንደ ልብ ይገኛል፤ እኔ በማውቃቸው ባለሙያዎች ዘንድም አብዛኛው ሰው ካኖን ስለያዘ ሥራ ሲደራረብ ሌንስ መዋዋስ አይቸግርም። የሥራ ፈረሴ 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ 805 ግራም ይመዝናል፣ መንቀጥቀጥ መከላከያ ስለሌለው ከ1/100 በታች እጄን አላምነውም። ለፊት ፎቶ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይበቃኛል፤ ጀማሪው ደግሞ 160 ግራም የምትመዝነውን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይዞ ቢጀምር አያፍርም። በማርክ 3 ላይ የተገጠመ ጥሩ ሌንስ፣ በማርክ 4 ላይ ከተገጠመ ተራ ሌንስ የተሻለ ፎቶ እንደሚሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ የስልክዎን መብራት ከኋላ አብርተው በመስታወቱ ውስጥ ይመልከቱ፤ ክረምቱን ሙሉ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካዩ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ አመስግነው ይመልሱ።

ስለ ቦዲው አገዛዝ ደግሞ አንድ ሞኝነቴን ልናገር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ዕቃ የማይቀመስ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለውን ነው፤ እኔ የገዛሁት ከለውጡ በፊት ቢሆንም ያኔም አዲሱ ከአቅሜ በላይ ነበር። ሻጩ ፎቶ አንስቶ የፋይሉን ቁጥር አሳየኝ፤ 2,300 ገደማ ይላል። «ይኸው፣ ገና አልተነካም» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። የፋይል ቁጥር ግን 9,999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ በሜኑ ሲፈለግም ወደ መነሻው ይመለሳል። ቤት ወስጄ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሳስነብበው ሹተሩ 61 ሺህ ጊዜ ተከፍቷል። ካኖን የዚህን ካሜራ ሹተር ለ150 ሺህ ጊዜ እንደሚያስችል አድርጎ ስለሠራው ኪሳራው ከባድ አልነበረም፤ የዋጋ ድርድሬ ግን በከንቱ ቀረ። ስለዚህ ላፕቶፕና ገመድ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በዚያው ሰማዩን ወይም ነጭ ግድግዳን በኤፍ 16 አንስቶ ፎቶውን በማጉላት ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ወይም ጭረት መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል። አቧራው ይጠረጋል፣ ጭረቱ አይጠረግም።

«ለምን ኒኮን ዲ850 አትይዝም?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዲ850 45.7 ሚሊዮን ፒክስል አለው፣ አይኤስኦው ከ64 ይጀምራል፣ በአንድ ባትሪም እስከ 1,840 ፎቶ ያነሳል፤ የላሊበላን ወይም የሰሜን ተራሮችን ለትልቅ ኅትመት የሚያነሳ ሰው እሱን ቢመርጥ አልከራከረውም። ሠርግ ላይ ግን 1,400 ፎቶ ይዤ ስመለስ የማርክ 4 ሮው ፋይሎች 52 ጊጋባይት ገደማ ሲሆኑ፣ የዲ850ዎቹ ከ70 ያልፋሉ፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ አሁን ያለውን ሸክምም በግድ ነው የሚሸከመው።

ሚረርለሶቹ፣ ማለትም ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች፣ ዓይንን ራሳቸው ፈልገው ፎከስ ስለሚይዙ ከላይ ያማረርኩበትን የነጥቦች ጉዳይ ጨርሰው ፈትተውታል፤ የኢኤፍ ሌንሶቻችንም በአዳፕተር ይሠሩባቸዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የካኖን አር5 በመመልከቻው ሲያነሱበት በአምራቾቹ የጋራ መለኪያ 320 ፎቶ ያህል ሲሰጥ፣ ማርክ 4 በዚያው መለኪያ 900 ይሰጣል። ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራ ቤት መገኘት ላለበት ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እኔ በሁለት ባትሪ ከሙሽራይቱ ቤት እስከ አዳራሹ መጨረሻ ደርሼ አውቃለሁ።

ሹተሩ አሁን 138 ሺህ ላይ ነው። ጾመ ነቢያት እስኪፈታ ሠርግ ስለማይኖር በዚያ መካከል አስቀይረዋለሁ ብዬ አስቤአለሁ፤ እስከዚያው የድሮው ማርክ 3 ባትሪው ተሞልቶ ቦርሳው ግርጌ አለ።