መሬት በማይሸጥበት አገር የሪል እስቴት ትምህርት፦ ደሴ ላይ የተከታተልሁት ኮርስ

በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ፣ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር የሚሰጠውን የሪል እስቴት መግቢያ ኮርስ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ ማጠቃለያ ፈተናው ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ኮርሱ በዋናነት ለአካውንቲንግና ለማኔጅመንት ተማሪዎች የተዘጋጀ ቢሆንም ከውጭ ለሚመጣ ሰው ክፍት በመሆኑ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደረው እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ አንድ መንፈቀ ዓመት ተመላልሻለሁ። ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ እንዲያውቅ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ወደዚህ ትምህርት የገፋኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቤት ለመግዛት በደላላ አማካይነት ተስማምቼ 50,000 ብር ቀብድ ከፈልሁ። ካርታው በሟች አባት ስም መሆኑን አይቼው ነበር፤ ነገር ግን ሻጩ «ልጁ ነኝ» ስላለኝና ጎረቤቱም ስለመሰከረልኝ ነገሩን አልመረመርሁትም። ኋላ ላይ ወራሾቹ አምስት መሆናቸውና አራቱ ስለ ሽያጩ ምንም እንዳልሰሙ ታወቀ። በሽማግሌ ገብተን ገንዘቤን ከአራት ወር በኋላ መለሱልኝ፣ እኔም ተመስገን ብዬ ተቀበልሁ። ኮርሱ ላይ ስለ ውል በተማርንበት ቀን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ላይ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ሲያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ሲያፈርስ ደግሞ ቀብዱን እንደሚያጣ የሚደነግግ መሆኑን ስሰማ፣ ያን የሽማግሌ ጉባኤ አስታውሼ ፈገግ አልሁ። የእኔ ጉዳይ ውስብስብ ስለሆነ እጥፉ ይገባኝ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ጥያቄውን እንኳ ማንሣት አለማወቄ ይቆጨኛል።

የኮርሱ ዋና ጥንካሬም ዋና ድክመትም ከአንድ ምንጭ ይነሣል። ትምህርቱ የተቀረጸው መሬት እንደ ማንኛውም ዕቃ በሚሸጥበትና በሚለወጥበት አገር መጻሕፍት ነው፤ ተማሪው ግን የሚኖረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑ በተደነገገበት አገር ነው። ኮሌጁ የሚሸጠው የማስተማሪያ ጽሑፍ ይህን ልዩነት በሁለት አንቀጽ ብቻ ነክቶት ያልፋል። ዕድለኞች ሆነን ዋናው መምህራችን በሙያው የሕንፃ መሐንዲስ የሆነና በንብረት ግምት ሥራ የቆየ ሰው ስለነበር፣ ጽሑፉ ዘልሎ ያለፈውን ጉዳይ የኮርሱ እምብርት አደረገው።

ነገሩ የተጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መምህሩ ለልምምድ ብሎ ጢጣ አካባቢ ያለ አንድ ቤት አስቀመጠልን፤ ግንባታው 90 ካሬ ሜትር፣ አንዱ ካሬ ሜትር ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ 20,000 ብር የሚፈጅ፣ የእርጅና ተቀናሹ 15 በመቶ። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ 1,800,000 ብር ወጥቶ፣ 270,000 ብር ለእርጅና ተቀንሶ፣ 1,530,000 ብር ቀረ። ከዚያ በኋላ መምህሩ በሰሌዳው ላይ «የሻጩ ዋጋ 4,000,000» ብሎ ጻፈና ዝም አለ። በመካከል ያለውን 2,470,000 ብር ማን ያስረዳ? የማስተማሪያ ጽሑፉ ልዩነቱ የመሬቱ ዋጋ ነው ይላል። መሬቱ ግን አይሸጥም።

ከእኛ ጋር የሚማሩ፣ በከተማው የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ያሏቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ራሳቸው ተመዝግበው የቀሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን አውጥተው፦ «ልጄ፣ መሬቱ አይሸጥም ካልኸን፣ እኔ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን ቤት ስገዛ ያን ሁሉ ብር የከፈልሁት ለጭቃው ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። መምህሩም፦ «ለጭቃው አይደለም ሐጂ፤ ለመንገዱ፣ ለገበያው፣ ለውኃና ለመብራቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቦታው የመጠቀም መብት ለእርስዎ በመተላለፉ ነው የከፈሉት» ሲል መለሰላቸው። የቀረው የክፍለ ጊዜው ክፍል በሙሉ በዚህ መልስ ዙሪያ አለፈ፤ በበኩሌ ለኮርሱ የከፈልሁት ገንዘብ የተመለሰልኝ በዚያ ዕለት ነው ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ ነገሩን ከታሪኩ ጀምሮ አስረዳን። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሐምሌ ወር ላይ ከወጣ በኋላ ቦታን መሸጥ ቀረ፤ ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንላቸው ቤቶችም በአብዛኛው የዚያ አዋጅ ቅሪቶች ናቸው። ሊዝ በ1986 ሲመጣ፣ ቦታው የመንግሥት ሆኖ የመጠቀም መብቱ ለተወሰነ ዘመን በዋጋ የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት የሊዝ ዘመን የሰጠ ሲሆን፣ ለንግድ ሥራ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች 70 ዓመት ወስኗል። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በዚያው አንቀጽ 40 ውስጥ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለውና ሊሸጠውም ሆነ ሊያወርሰው እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ በሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ነው፤ በዋጋው ውስጥ ግን የቦታው ጥቅም ቤቱን ተከትሎ ይገባል። ባዶ ቦታ በሊዝ ይዞ፣ ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያደርስ መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው፣ ከዋጋው ጭማሪ የሚያገኘው ድርሻ በአዋጁ የተገደበበት ምክንያትም ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነልኝ፤ ቦታ አጥሮ ዋጋ መጠበቅ እንዳይበረታታ ነው።

ሌላው ጠንካራ ክፍል የስሌቱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ አዲስ ነገር አልጠበቅሁም ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የ1,000,000 ብር ብድር በ16 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ሲከፈል ወርኃዊ ክፍያው 13,913 ብር ገደማ እንደሚሆን ማስላት ለማንም አይከብድም። መምህሩ ግን የመጀመሪያውን ወር ክፍያ በሁለት ከፍለን እንድንጽፍ አዘዘን፤ 13,333 ብሩ ወለድ፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 580 ብር ብቻ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ለቤት መሥሪያ ብድር ልትጠይቅ ቀጠሮ የያዘች አስተማሪ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደግማ አስልታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በገቢ ላይ የተመሠረተው የግምት ዘዴም በዚሁ መንገድ ተሰጠ፤ በዓመት 120,000 ብር የተጣራ ኪራይ የሚያስገኝ ቤት፣ ገዢው 6 በመቶ ትርፍ ከበቃው 2,000,000 ብር፣ 8 በመቶ ካልሆነ ካለ 1,500,000 ብር ያወጣል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉን ያስታወሰ አንድ ተማሪ፣ ታዲያ ከዚያ ባነሰ ኪራይ ቤት የሚገዛው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ ደወል ተደወለ። መልሱ የኑሮ ውድነትና የቤት ዋጋ ጭማሪ እንደሆነ ሁላችንም ብናውቅም፣ ይህን የትርፍ መቶኛ በደሴ ገበያ ከምን ተነሥተን እንደምንወስን ግን ኮርሱ አላስተማረንም፤ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

የመስክ ጉብኝት አንድ ብቻ ነበር፣ እርሱም በአስተዳደሩ ሳይሆን በመምህሩ ፈቃድ የተደረገ ነው። ከፒያሳ ተነሥተን በእግር ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣን። ደሴ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ መሆኗን የማያውቅ ነዋሪ የለም፤ ነገር ግን ቤት ስንገዛ ይህን በዓይናችን እንዴት እንደምናነብ ያሳየን ሰው አልነበረም። መምህሩ በመጀመሪያ ያሳየን ቤት ሳይሆን ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ ነበር፤ ቀጥሎ ከግርጌያቸው ጎብጠው ወደ ላይ የቀኑ ባሕር ዛፎችን፣ ቀጥሎም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የወረደ የግድግዳ ስንጥቅ። ሦስቱ በአንድ ዳገት ላይ ከተገኙ አፈሩ ቀስ ብሎ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላልና ቀለም የተቀባውን ሳሎን ከማድነቅ በፊት መሐንዲስ ጥሩ አለን። ከዚያም ካርታ ላይ 200 ካሬ ተብሎ የሚጻፈው ስፋት ጠፍጣፋው ልክ መሆኑን፣ ዳገቱ ተቆርጦ የድጋፍ ግንብ ሲሠራለት ለቤት የሚተርፈው ቦታ ምን ያህል እንደሚያንስ በሜትር እየለካ አሳየን። የግንቡ ወጪና የጎርፍ መውረጃው በሻጭ ዋጋ ውስጥ አይጠቀሱም፤ ገዢው ክረምት ሲገባ ያገኛቸዋል። በሜዳ ላይ ለተዘረጋችው ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ጉብኝት ቢደረግ መልካም ነበር፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚከራያቸው፣ በግቢ ውስጥ ተደርድረው የሚሠሩ ክፍሎች ጉዳይ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃው ነበር።

ስለ ማስተማሪያ ጽሑፉ ለስላሳ ቃል የለኝም። ከአሜሪካ መጽሐፍ ተቀንጭቦ የተባዛ በመሆኑ ተማሪው ስለ ባለቤትነት ኢንሹራንስና ስለ 30 ዓመት የቤት ብድር ገጽ ሙሉ ሲያነብ፣ ስለ ካርታ፣ ከሊዝ በፊት ስለተያዘ ነባር ይዞታና ስለ ወራሽነት ማስረጃ አንዲት መስመር አያገኝም። አንዱ የቤት ሥራ ስፋትን ከኤከር ወደ ካሬ ጫማ እንድንቀይር ያዝዛል፤ አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ መሆኑን አውቄያለሁ፣ እስካሁን ግን ጢጣ ላይ በኤከር የሚሸጥ ነገር አላጋጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ለብቻው 350 ብር ይሸጣል፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ሠንጠረዦቹ አይነበቡም።

የሕጉን ክፍል ያስተማሩን ሌላ መምህር አንቀጾቹን ከማንበብ ያለፈ ነገር ስላልጨመሩ ብዙ የምለው የለኝም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እና ቁጥር 2877 መካከል ስላለው፣ ጽሑፍ ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም ስለሚለው የቆየ ክርክር፣ እንዲሁም በ2016 ስለወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጠቅላላ ግንዛቤ አግኝተናል። የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይኸው አዋጅ መደንገጉ ሲነገር ከአከራዮችም ከተከራዮችም ወገን ጥያቄ ዘነበ፤ ጥያቄዎቹ ግን «ለፈተና አይመጣም» በሚል ቃል ተዘጉ።

አስተዳደሩን በተመለከተ ቅሬታዬ አጭር ነው። ሁለት ቅዳሜ መምህር ሳይመጣ ቀርቶ የሚያሳውቀን ጠፍቶ፣ ከኮምቦልቻ የመጣን አምስት ሰዎች በር ላይ ቆመን ተመልሰናል፤ ማካካሻም አልተሰጠንም። ክፍል ውስጥ በአማርኛ የተማርነው ሁሉ በፈተናው ዕለት በእንግሊዝኛ በመምጣቱ፣ ከሁላችንም በተሻለ ቤት መገመት የሚችሉት ሐጂ ከሁላችንም ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። የምስክር ወረቀቱን የተቀበልሁት ለሦስት ወር ተመላልሼ ነው።

ቤት ለመግዛት፣ ለመሸጥ ወይም አስይዞ ለመበደር ያሰበ ሰው ኮርሱን ቢወስድ አይጸጸትም፤ የድለላ ወይም የግምት ሙያ ፈቃድ ያስገኝልኛል ብሎ የሚመዘገብ ግን መግቢያ ትምህርት ብቻ መሆኑን ይወቅ። የምትመዘገቡ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የግምቱን ክፍል የሚያስተምረው መሐንዲሱ መሆኑን ጠይቁ፤ በማታው መርሐ ግብር የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው፣ የመስክ ጉብኝትም የለውም። ጽሑፉን አትግዙ፤ ከአንድ ተማሪ ተውሳችሁ ማየት ይበቃል። በምትኩ የራሳችሁን ወይም የወላጆቻችሁን ካርታ ቅጂና የሜትር መለኪያ ይዛችሁ ግቡ። እኔ በመጨረሻው ሳምንት የእናቴን ግቢ ለክቼ ካርታው ላይ ካለው 198 ካሬ በ14 ካሬ በልጦ አገኘሁት፤ አጥሩ ወደ ጎረቤት ይለፍ ወይም ካርታው ይሳሳት ገና አልታወቀም፣ እናቴ ግን የሜትር መለኪያውን ደብቃዋለች።