ዴክሳሜታዞን ለፊት አጥንት ስብራት ቀዶ ሕክምና፦ ለእብጠቱ ጥሩ፣ ለቁስሉ ጥንቃቄ የሚሻ

በመንዝ በቅሎ የረገጠችው ወይም በጣርማበር መንገድ መኪና ተገልብጦበት መንጋጋው የተሰበረ ሰው ደብረ ብርሃን ደርሶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የተባለ እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ይወጋል። መርፌው ርካሽና ጠቃሚ ነው። አብዝቶ መስጠቱን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

ባለ 1 ሚሊሊትሩ አምፑል 4 ሚሊግራም ይይዛል፤ ለአዋቂ የተለመደው 8 ሚሊግራም በደም ሥር ነው። ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈልግ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ይሰጥ፤ ፊት ካበጠ በኋላ ጥቅሙ ያንሳል። ነቅቶ ላለ ሰው በፍጥነት ከተገፋ በብልት አካባቢ ኃይለኛ ማቃጠል ያመጣል፤ ስለዚህ ሰመመኑ ከያዘ በኋላ፣ አለዚያም በ50 ሚሊሊትር ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) በጥብጦ በዝግታ ነው። እብጠት የሚያይለው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ሲሆን፣ የመርፌው ኃይል ከ36 እስከ 54 ሰዓት ይቆያል። ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል፤ መንጋጋው በሽቦ ለታሰረ ሰው ትውከት ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ችግሩ ያለው ቁስሉ ላይ ነው። እብጠት የሚያመጡት ሕዋሳት ቁስል የሚጠርጉትም ናቸውና ስቴሮይዱ ሁለቱንም ሥራ ያዳክማል፤ ቁስሉን የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ ኮላጅን፣ መሠራቱንም ያዘገያል። አንድ መርፌ ብዙም አይጎዳም። ለቀናት ሲደጋገም ግን ስፌት ሊከፈት፣ ስብራቱን የያዘው ብረት (ፕሌት) ሊጋለጥ ይችላል፤ በተለይ በአፍ ውስጥ በኩል የተቀደደ የታችኛው መንጋጋ፣ ምራቅና ባክቴሪያ ዘወትር ስለሚነካው። ሲጋራ ማጨስ ይህን ያባብሰዋል። መርፌው የደም ስኳርንም ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ሕመምተኛ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ።

ከባድ የጭንቅላት ጉዳት አብሮ ካለ ለአንጎሉ ተብሎ ስቴሮይድ አይሰጥም፦ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ክራሽ የተባለው ሰፊ ጥናት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚውጥ ሰው ደግሞ በድንገት አያቁም፤ ለሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይንገር።

ስቴሮይዱ ትኩሳትንና መቅላትን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ መሃል ሜዳ ወይም ሞላሌ የሚመለስ ሰው ትኩሳት ባይኖረውም አፉ ከሸተተ፣ መግል ከቀመሰ ወይም ሕመሙ ከ3ኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ምግቡ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ በወተት የተበጠበጠ በሶና ሾርባ ይሁን፤ ከበላ በኋላ ሁሉ አፉን በጨው ውኃ ይጉመጥመጥ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የዴክሳሜታዞን እንክብል ግን እብጠቱ ቶሎ ባይወርድም አይወሰድ፤ የሚረዳው ራስን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ነው።