የቤት ሽመና ፓኬጅ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ሜትር ያዙ

የሐዋሳ ልጆች፣ በተለይ ቤት ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ የሆነ ነገር ለመሥራት ያሰባችሁ እህቶች፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ አይታችሁት ይሆናል። "ሙሉ የቤት ሽመና ፓኬጅ" ይላል። የሽመና መሣሪያው፣ 5 ኪሎ ክር፣ የ5 ቀን ሥልጠና፣ በዚያ ላይ ደግሞ የሠራችሁትን ነጠላ "እኛው እንረከባለን"። እኔ ጥር ላይ ገዛሁ። 38,500 ብር። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ነገሩን ስትሰሙ ግን ማስታወቂያው ሲመጣ ታውቁታላችሁ።

ከሽመና ጋር ጭራሽ የማልተዋወቅ ሰው አይደለሁም። እናቴ ትፈትላለች፣ ልጅ ሆኜ ባዘቶ ሳቀብላት ነው ያደግኩት። እኔም ሁለት ዓመት በትንሽ ፍሬም ላይ ስካርፍና የጠረጴዛ ልብስ ስሠራ ቆይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ተበላሁ።

ሰባት ነጠላ ሸምኜ ወሰድኩላቸው። ሰባቱንም መለሱልኝ። "ወርዱ አንሷል።" አንዲት ልጅ ሜትር ይዛ በትህትና እያንዳንዱን ለካች፣ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ አስፈረመችኝ። እኔ ደግሞ በራሴ አፍሬ ወጣሁ። እጄ ገና ነው፣ አልጎበዝኩም ብዬ። ያ ነው እስከዛሬ የሚያበሳጨኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ውሉን እንደገና አነበብኩት። ሦስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በዓይኔ ገረፍ አድርጌ ያለፍኩት ቦታ፣ የሚረከቡት ጨርቅ ታጥቦ ወርዱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ሄጄ መሣሪያውን ለካሁ። ማበጠሪያው፣ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) በጥርሶቹ መሀል የሚያልፍበትና ማጉን (በወርድ የሚገባውን ክር) የምንመታበት ማለቴ ነው፣ ልክ 80 ሴንቲ። ስገዛም 80 እንደሆነ ነግረውኛል። እኔም 80 ከ80 ገጠመ ብዬ ነበር።

አይገጥምም! ማግ እኮ ቀጥ ብሎ አይተኛም። በአንዱ ድር ላይ፣ በሚቀጥለው ሥር እየተጥመለመለ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ጠርዙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጨርቁ ከመሣሪያው ሲወርድ ውጥረቱ ይለቃል፣ ይጠባል። ሲታጠብ ደግሞ ጥጡ ይሰበሰባል፣ እንደገና ይጠባል። የመጀመሪያዋ ነጠላዬ ማበጠሪያው ላይ 80 ነበረች። ስትወርድ 75። ታጥባ ስትደርቅ 72። ጠርዙን በዘንግ ወጥራችሁ ብትሠሩም ዘንጉ ሲነሳ ያው ነው። እጅህ ወርቅ ይሁን፣ አርባ ዓመት ሸምን፣ በ80 ማበጠሪያ ታጥቦ 80 የሚወጣ ነጠላ የለም።

ሰፈራችን አቶቴ ከጨንቻ የመጡ አንድ ሸማኔ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸማኔ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው የኖሩ። እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። መጡ፣ መጀመሪያ በስንዝር ለኩ፣ ከዚያ ጨርቁን አነሱና ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት።

"ልጄ፣ ሥራሽ ደህና ነው" አሉኝ። "ታጥቦ 80 እንዲወጣ ከፈለግሽ ግን ማበጠሪያው ወደ 90 መጠጋት አለበት።"

"እና አያውቁም ማለት ነው?"

ትንሽ ዝም አሉ። "መሣሪያ የሚሠራ ሰው ይህ አይጠፋውም።"

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልተው። የሸጡልኝ መሣሪያ የማይወጣውን ወርድ ውሉ ላይ ጽፈው፣ አላሟላሽም ብለው መለሱኝ። ደግሞ አዘንንልሽ ብለው "በሁለተኛ ደረጃ" አንዱን በ250 ብር እንውሰድልሽ አሉ። ይህ የክሩን እንኳ አይመልስም። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው የእኔን ነጠላ ፈልጎ አያውቅም፣ የሚሸጠው ፓኬጁን ነው። ውሉ ውስጥ ደግሞ ክር ከነሱ ውጪ መግዛት አይቻልም የሚል አለ፣ ስለዚህ ክሩንም እየደጋገመ ይሸጥልሻል።

ክሩን ካነሳሁ አይቀር እሱንም ላውራ፣ ምክንያቱም ከነሱ ባትገዙም ይጠቅማችኋል።

ከረጢቱ ላይ "ንጹህ ጥጥ፣ ቁጥር 20፣ 5 ኪሎ" ይላል። ሦስቱም ልክ አይደለም። ከኪሎው ልጀምር። ክሩን ስነካው ቀዝቀዝ ይል ነበር፣ አዲስ ስለሆነ መስሎኝ። ጥጥ በባህሪው ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ከክብደቱ 8 ከመቶ ገደማ ውኃ ቢኖረው የተለመደ ነው፣ ማንም አይጠየቅበትም። የእኔን ግን ጥላ ቦታ ገመድ ላይ ሦስት ቀን አሰጥቼ ስመዝነው 4 ኪሎ ከ400 ሆነ። 600 ግራም ውኃ በክር ዋጋ ገዝቻለሁ።

ቁጥሩ ደግሞ የባሰ ነው። የክር ቁጥር የቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል፣ ክሩ በቀጠነ ቁጥር ከአንድ ኪሎ ብዙ ሜትር ይወጣል። ሳይደረብ በአንድ ፈትል ብቻ ያለ ቁጥር 20 ክር በግራም 34 ሜትር ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ 100 ሜትር ብትለኩ 3 ግራም ቢመዝን ነው። እኔ በወንበር እግር እየጠመጠምኩ 100 ሜትር ቆጠርኩና ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ። ልጁ በጣም ሳቀብኝ፣ ግን መዘነልኝ። 4.1 ግራም። ይህ ቁጥር 20 ሳይሆን ቁጥር 14 አካባቢ ነው። ትንሽ ልዩነት አይምሰላችሁ። ከአንድ ኪሎ ቁጥር 20 ክር ብትዘረጉት 34 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ከሐዋሳ ተነስቶ ሻሸመኔን አልፎ ወደ ኩየራ ይነጉዳል። የእኔው 24 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ያልቃል። "ከ5 ኪሎ ይህን ያህል ነጠላ ይወጣል" ብለው የነገሩኝ ሒሳብም እዚያው ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ቀረ። ክሩ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ጨርቁ ከነጠላ ይልቅ ጋቢ ጋቢ ይላል።

ንጹህ ጥጥነቱን በእሳት ነው የፈተንኩት። ጥቂት ክር ቆርጣችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ሻማ ላይ አድርጉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ የሚቀረው በጣት ሲነካ ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የእኔ አመዱም ነበረው፣ ፍሬውም ነበረው። ቅልቅል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ቪስኮስ የሚባለው አንጸባራቂ ክር ሲቃጠል ልክ እንደ ጥጥ ነው፣ እሳት አይለየውም። የሚለየው ውኃ ነው። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ቪስኮስ ሲርስ ይደክማል። አንዱን ክር በምራቅ አርጥባችሁ ጎተት አድርጉት፣ እርጥቡ ቦታ ላይ ቶሎ ከተበጠሰ ጥጥ አይደለም። እናቴ ይህን ስታደርግ ሁልጊዜ አያት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

የጥለቱ ቀለም ሌላ ለቅሶ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሰጥተውኝ ነበር። ሰባቷም ነጠላ ጫፏ ላይ ጥለት አላት፣ ሁለቷ ሲታጠቡ ቀዩ ወደ ነጩ ፈሰሰ፣ ሮዝ ደመና ያለበት ነጠላ ሆነ። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ክሩን በመሀሉ አድርጎ በካውያ መተኮስ ሁለት ደቂቃ ነው። ያንን ሁለት ደቂቃ ሳልሰጠው ሁለት ነጠላ ሰጠሁት።

መሣሪያው እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ተጣመመ፣ በግራ በኩል ያለው ድር ይላላል፣ በቀኝ በኩል ያለው ይወጠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ገመድ ይዛችሁ ፍሬሙን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድም ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን ማዕዘን። እኩል ካልሆነ ጠማማ ነው፣ ትታችሁ ሂዱ። ሥልጠናው 5 ቀን ተብሎ ሁለት ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ ያውም ግማሹ ስልክ ላይ ቪዲዮ ማየት ነው። እሱን እንተወው።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ብሩን የላክሁት በግለሰብ ስም ወደተከፈተ አካውንት ነው። ደረሰኝ "በኋላ ይቆረጣል" አሉኝ፣ እስካሁን አልተቆረጠም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አቤት ስል መጀመሪያ የተጠየቅኩት ደረሰኝ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል፣ ግን እኔ መግዛቴን የማሳየው በቴሌግራም መልእክትና በባንክ ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ሸማኔ ልሆን ሄጄ ሸማች ሆኜ ቀረሁ። ጉዳዩ አላለቀም፣ የሚሆነውን አሳውቃችኋለሁ።

ሽመና መጥፎ ነው አላልኩም። አሁንም እየሸመንኩ ነው። ጋሼ ከጨንቻ 90 ማበጠሪያ አምጥተውልኛል፣ ፍሬሙን ደግሞ የሰፈራችን አናጢ በደረቅ እንጨት አስፍቶ ሠራው፣ ሁለቱ ተደምረው የፓኬጁን ሩብ አልሞሉም። የምትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ ማበጠሪያውን ግዙ፣ ፍሬሙን በሱ ልክ አሠሩ፣ ክር ደግሞ በግማሽ ኪሎ ጀምሩ። "እንረከባለን" የሚላችሁን ሰው ካገኛችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፣ በዚሁ በሚሸጥላችሁ መሣሪያና በዚሁ ክር የተሠራ፣ የታጠበ አንድ ነጠላ ያሳያችሁ፣ እናንተም በራሳችሁ ሜትር ለኩት። እኔ ቢሯቸው የተሰቀለውን ነጠላ ነክቼ አድንቄ ነው የወጣሁት። ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ውሉንም ፎቶውንም አሳያችኋለሁ። ትናንት ማታ ማስታወቂያቸው እንደገና መጣብኝ። ዋጋው 42,000 ሆኗል። "ፍጠኑ፣ የቀሩን 6 ብቻ ናቸው" ይላል። ጥር ላይም የቀሩት 6 ነበሩ።