የአክስቴን ጩኸትና የእናቴን ሹክሹክታ ላሰማን የድምጽ ባለሙያ፣ ከልብ እናመሰግናለን

ከቤተሰቤ ኑሮ እየቀዳሁ አጫጭር ኮሜዲ እንደምሰራ የምትከታተሉኝ ታውቃላችሁ። አክስቴ ሜሪላንድ ካለችው ልጇ ጋር በስልክ ስታወራ የሚያሳየውን ከለቀቅን ወዲህ ከሳቁ እኩል አንድ ጥያቄ እየመጣልኝ ነው። «ድምጹን ማን ሰራላችሁ?» ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከመመለስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

የቀረጸልንም ያቀናበረልንም አንድ ሰው ነው። እዚሁ አዲስ አበባ የሚሰራ ወጣት ሳውንድ ማን ነው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም። ኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ ግን እሱኑ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። እዚህ ስለ ስራው ልመስክርለት፤ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ ትንሽ ልበል። አንዱም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ታሪኩ የቤታችን ነው፣ ተዋንያኑም የቤታችን ሰዎች ናቸው። አባቴ ዜና ሲጀምር ቤቱን ሁሉ በአንድ እይታ ጸጥ ያሰኛል። እናቴ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲላት «በሞቴ» እያለች ሌላ ጭልፋ ትጨምርለታለች። ጓዳ ስትገባ ደግሞ እህቴን «ወጡ እያለቀ ነው፣ ለእናንተ ሽሮ ጣጂ» ትላታለች። አክስቴ አሜሪካ ስትደውል ድምጿ ከግቢያችን አልፎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሩቅ አገር ነዋ! እነዚህን ሰዎች በጣም ነው የምወዳቸው። ካሜራ ፊት ያቀረብኳቸውም ሌላው ሰው እንዲወዳቸው ብዬ ነው።

ከራስ ቤት ኮሜዲ ማውጣት ድሮም ያለ ነገር ነው። ከሲኒማ ጀማሪዎች መካከል የሆኑት ፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ውስጥ ግራንድ ካፌ ለሕዝብ ካሳዩአቸው ፊልሞች አንዱ አትክልተኛ በጎማ ውሃ ሲያጠጣ ያሳያል። አንድ ልጅ ከኋላ መጥቶ ጎማውን ይረግጥበታል። ውሃው ቀጥ ሲል ሰውዬው ምን ሆነ ብሎ የጎማውን አፍ ያያል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ ውሃው ፊቱ ላይ ይለቀቅበታል። ፊልሙ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አትክልተኛው የሉሚዬር ቤተሰብ የራሱ አትክልተኛ ነበር። ሉዊ ሉሚዬርም ሀሳቡን ያገኘው ከታናሽ ወንድሙ ተንኮል መሆኑን ተናግሯል። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚም እ.ኤ.አ. በ1964 ገና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በሰራው አጭር ኮሜዲ ላይ የገዛ እናቱን እናት አድርጎ አጫውቷታል። ልጇ እስር ቤት ገብቶ እንኳ በአጥር አሻግራ ስፓጌቲ ታጎርሰዋለች። ይህን ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ «ታዲያ ምን ታድርግ፣ ልጇ አይደል!» አለች።

ሉሚዬሮች ድምጽ አላስፈለጋቸውም፤ ውሃው በቂ ነበር። የኛ ቤት ሳቅ ያለው ግን ወሬው ላይ ነው። እናቴ «በሞቴ» ስትል ከተሰማ በኋላ ጓዳ ውስጥ ለእህቴ የምትለው ካልተሰማ ኮሜዲው የለም። ከዚህ በፊት በስልክ ማይክ ቀርጸን ያንን ሹክሹክታ የሰማ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ የኔ ሰዎች ጽሁፍ አያጠኑም። ተዋናይ ቢሆን «ድገሚልኝ» ትሉታላችሁ። እናቴ ግን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አትናገርም። ያመለጠ አመለጠ ነው።

ይህን ለድምጽ ባለሙያው ከነገርኩት በኋላ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ቤቱን ልይ አለ። መጣና ሳሎን መሃል ቆሞ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ የሰማውን አንድ በአንድ ነገረኝ። ፍሪጁ ያጉረመርማል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ስራ የለም፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እንስራ። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀል። የጎረቤት አውራ ዶሮ ግን አይባረር። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ ችግሩ ዶሮው መጮሁ ሳይሆን አንዱ ምስል ላይ ጮሆ ሌላው ላይ በመሃል መቆረጡ ነው አለኝ። ስለዚህ የዶሮውን ጩኸት ለብቻው ቀረጸና ኤዲቲንግ ላይ በልኩ አስገባው። ፊልሙ ላይ አባቴ «እሽ!» ሲል ዶሮው የሚመልስለት እንደዚያ ነው የተሰራው።

የፍሪጁ ነገር በጣም ገርሞኛል። ፍሪጁን ነቀለና የመኪናውን ቁልፍ ውስጡ አስቀመጠ። እናቴ «ልጄ፣ ምን እያደረግክ ነው?» ስትለው «ማታ ፍሪጁን ሳልሰካ ብሄድ ስጋው ይበላሽብዎታል። ቁልፌ እዚያ ካለ ግን ረስቼው መሄድ አልችልም» አላት። የሰው ቤት ገብቶ እንዲህ የሚያስብ ባለሙያ ስንት አለ?

አክስቴ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው። እሷ «ሄሎ!» ስትል መቅረጫው ላይ ያለው መብራት ቀይ ነው የሚሆነው፤ ድምጹ ከልክ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ድምጽ በሁለት ትራክ ይቀርጻል። አንዱ በተለመደው መጠን ነው፣ ሌላው በጣም ዝቅ ተደርጎ ነው። ጩኸቱ የመጀመሪያውን ዲስቶርት ሲያደርገው፣ ማለትም ሲያበላሸው፣ ሁለተኛው ንጹህ ሆኖ ይተርፋል። እሷን «ትንሽ ቀነስ ያድርጉ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ፊልሙ እዚያው ሞቶ ነበር። አንድም ቀን አላላትም።

ለትልልቅ ሰዎች ያለው አክብሮት ልቤን ነክቶታል። ትንሿ ማይክ ደረት አካባቢ ነው የምትሰካው። እናቴን ራሱ አልነካትም። ለእህቴ አሳያትና እሷ ከነጠላው ስር ሰካችላት። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ እንዳይንኮሻኮሽ የት ላይ በፕላስተር እንደሚያዝም ከሩቅ ሆኖ ነገራት። አባቴ ሽቦ ልብሴ ውስጥ አይገባም ብሎ ነበር። አላስጨነቀውም። ሬዲዮው አጠገብ ማይክ ደበቀና ሌላ ማይክ ደግሞ በረጅም ዘንግ ከላይ ያዘለት።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ስሙኝ። ቤተሰባችሁን የምትቀርጹ በተለይ። ገመድ አልባ ማይክ «ከት» ስለተባለ አይዘጋም። ሰው ተነስቶ ጓዳ ቢገባም ያደረገው ማይክ ወሬውን ይልካል። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴና አክስቴ ውስጥ ገብተው የቤተሰብ ጉዳይ ማውራት ጀመሩ። ሰው ፊት የማይወራ ነገር ነበር። እሱ ወዲያው ኢርፎኑን ከጆሮው አወለቀና እህቴን ጠርቶ «ማይኩ እላያቸው ላይ እንዳለ ንገሪያቸው» አላት። ማታ ደግሞ ላፕቶፑን ይዞ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። ፋይሉ ይህ ነው፣ አላዳመጥኩትም፣ እርስዎ እያዩ ላጥፋው ብሎ አጠፋው። ሜሞሪ ካርዱንም ለኔ አስረከበኝ። እናቴ መረቀችው። እኔ ምንም ማለት አልቻልኩም። የራሱን ሰዎች ለሕዝብ የሚያሳይ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይሄንን ነው።

ቀረጻ ሲያልቅ «ሩም ቶን» ይፈልጋል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ብቻ አንድ ደቂቃ ያህል ይቀርጻል። ኤዲተሩ ንግግር ሲቆርጥ ክፍተቱን የሚሞላው በዚያ ነው። የኛ ቤት ሰው አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ማለት ከባድ ነው። አክስቴ ሁልጊዜ መሃል ላይ «አለቀ?» ትላለች። እሱ በትዕግስት እንደገና ይጀምራል። የመጨረሻው ፊልም ክሬዲት ላይ የምትሰሙት «አለቀ?» ከዚያ የመጣ ነው። ሀሳቡም የሱ ነው።

ልትቀጥሩት ለምታስቡ፦ ዋጋውን በግልጽ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ መሃል ላይ አይጨምርም። የሚያስከፍለው በቀን ነው፣ ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምጾች ማቀናበሩ) ለብቻው ይታሰባል። ቪዲዮ አይቀርጽም፣ ስለዚህ ካሜራ ማን ሌላ ፈልጉ። ቦታውን ቀድሞ ማየት ይፈልጋል፤ እሺ በሉት፣ ብዙ ነገር ይተርፍላችኋል። የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም ስራ አይቆምም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ የሁላችንም ምስጋና ይድረስህ። የአባቴን የዜና ሰዓት ሁለተኛ ክፍል ካንተ ሌላ ሰው አይሰራውም። እናቴ ደግሞ ለፋሲካ ስራ ባይኖርም ይምጣ ብላለች፤ እንዳትቀር።